መኪና ውስጥ እሺ ያልኩህ ነገር

ሲሳይዬ፣ የኔ ጉድ፣

እንደ ደብዳቤ ወግ ጤንነትህን ልጠይቅህ ብዬ እስክሪብቶ አነሳሁና በራሴ ሳቅኩ። ከተለየኸን ዓመት ሞላህ። ዓመት ሙሉ ያልጻፍኩልህ አኩርፌህ ነው። አትቆጣ ልልህ ነበር፣ ግን አንተ መቼ ተቆጥተህ ታውቃለህ? እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነበር። ሰው ሲከፋው ይጮሃል፣ በር ዘግቶ ይወጣል። አንተ እኔ ስጮህብህ ዓይንህን ጨፍነህ በአፍንጫህ ትተነፍሳለህ። አሁን የምትሰማኝ ከሆነ እባክህ አትጨፍን። አንተ ከሄድክ በኋላ እዚህ ቤት የሆነውን ሁሉ ልነግርህ ነው። ያን ሁሉ ጣጣ ጥለህብኝ የሄድከው አንተው ነህና ስማው።

ቤታችን እንዳለ ነው። እዚያው ኦክላንድ፣ ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብሎ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል፣ ላንድሎርዱም ዛሬም ነገ እመጣለሁ ይላል። እኔ እናትህ ብቻቸውን እንዳያድሩ ብዬ የምሠራበትን የአረጋውያን ቤት፣ ነርሲንግ ሆሙን፣ ለምኜ ወደ ቀን ሺፍት ተዛውሬአለሁ። መኪናህን ሸጥኳት፤ እሷ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። መስኮቱ ሥር ያለችውን መቀመጫህን ግን፣ ያቺን ምንጣፍና ጠፍጣፋ ትራስ፣ ማንም አልነካትም። ቤት ስጠርግ ዙሪያዋን ጠርጌ አልፋታለሁ።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በወገብህ ነው። እዚሁ አጠገባችን ባለችው ኒውአርክ፣ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስታነሳ ወገብህ ተቀነጠሰና አብሮህ የሚሠራው ህንዳዊው ራቪ በምሳ ሰዓት ካርቶን አንጥፎ መንጠራራት አስተማረህ። ለወገብ ነው ብለህ ጀመርክ። ከወገብ ወደ አተነፋፈስ፣ ከአተነፋፈስ ወደ ዝምታ ገባህ። ከዚያ እሁድ እሁድ ሳን ሆዜ መመላለስ አመጣህ፤ ስዋሚ የሚሏቸው መነኩሴ ሽማግሌ ተማሪዎቻቸውን የሚሰበስቡበት ቤት። አንድ እሁድ ለማንም የማይነገር ጸሎት በጆሮህ ነግረውህ፣ ረጅም መቁጠሪያ አንገትህ ላይ አጥልቀውልህ፣ ሻንቲ ዳስ የሚል ስም አውጥተውልህ መጣህ። የሰላም አገልጋይ ማለት ነው አልከኝ። እኔ ደግሞ ሰርግ የለ፣ ድግስ የለ፣ ምን ዳስ ነው የምትጥለው ብዬ ሳቅኩብህ። አንተም ሳቅክ። ሳቁን ባለመከልከላቸው በልቤ አመሰገንኳቸው።

ከዚያ ሥጋ ቀረ። መጠጥ ቀረ። ጎህ ሳይቀድ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበህ፣ አንዱን አፍንጫህን ይዘህ በሌላው ትተነፍሳለህ፤ ድምፁ የተደፈነ ቧንቧ ሲከፈት ይመስል ነበር። ከዚያ ቁጭ ነው፣ ከዚያ መቁጠሪያ ነው፣ ከዚያ ሥራ። ይሁን አልኩ፤ ሰው ከሴት ጋር ከሚሄድ ከእግዜር ጋር ቢሄድ ይሻላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተውኩ ስትለኝ ግን መረረኝ። ሽንኩርት ሳይቁላላ የምን ወጥ ነው? መምህሮቻችን አእምሮ ይበጠብጣል ይላሉ አልከኝ። የእኔን አእምሮ የበጠበጠው ሽንኩርት አይደለም፣ አንተ ነህ አልኩህ። ከዚያ ምን ላድርግ፣ ምስሩን በዝንጅብልና በቲማቲም ሠራሁልህ። በልተህ ስትጨርስ ሳህኑን ራስህ አጥበህ እጄን ሳምከኝ። እንዲህ እያደረግክ ነው የምታሸንፈኝ።

ቴሜስካል ሰፈር ያሉት ጓደኞችህ ግራ ገባቸው። ቅዳሜ ቢራ አልጠጣም ስትላቸው አንዱ ጴንጤ ሆነ አለ፣ አንዱ ስኳር ይዞት ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ ሚስቱ ናት ብሎ እኔ ላይ አላከከ። እውነቱ አጠገብ የደረሰ አልነበረም።

ከሁሉ የባሰው እናትህ ከአዲስ አበባ የመጡ ጊዜ ነው። እትዬ ሙሉነሽ በመጡ በሳምንታቸው ልጃቸው ሌሊት ተነሥቶ ወለል ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያ ሲቆጥር፣ ፋሲካ አልፎ እንኳ ሥጋ ሳይነካ አዩት። ከደስታቸው የተነሣ አለቀሱ። አሜሪካ ልጄን ቀማኝ ብዬ ስፈራ መናኝ ሆኖ ጠበቀኝ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ለሚያገኟት ሴት ሁሉ አወሩ። የሽንኩርቱን ነገር ጠይቀውኝ ምላሴ ሲተሳሰርማ ራሳቸው ስለት ነው አይደል ብለው መለሱልኝ። አንተ ልንገራቸው ትላለህ፣ ከዚያ ቆይ ይልመዱ ትላለህ። በቆይ ቆይ ጊዜው ሄደ።

መኪና ውስጥ የሆነውን ላስታውስህ? ከናንተ ሰዎች አንዲት አሮጊት ሞተው ሳን ሆዜ አስከሬናቸው ሲቃጠል ቆመን ስንመለስ ነው። 880 አውራ ጎዳና ላይ ትራፊኩ ቀጥ ብሏል። አንተ መሪውን እንደያዝክ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ እኔም ስሞት እንደዚያ ነው የምፈልገው አልክ። አፈር አታልብሱኝ፣ ለእሳት ስጡኝ፣ ዓመዴን ውሃ ይውሰደው። አውርደኝ አልኩህ፣ ፍሪዌይ መሃል! አልለቀቅከኝም። ቃል ግቢልኝ አልክ፣ ደግመህ አልክ። እንደዚያ አስጨንቀኸኝ አታውቅም። ዝም እንድትልልኝ ብዬ እሺ አልኩ። ዝም አላልክም፣ ሁለተኛ ጨመርክ። ከሄድኩ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት እኔ ቦታ ላይ ተቀመጪ፣ ዝም ብለሽ ብቻ አልክ። አበዛኸው ብዬ ሬዲዮውን ከፈትኩብህ።

ወራት እንኳ አልቆየህም። ረፋዱ ላይ ፔጀሬ ጮኸ፤ የመጋዘናችሁ ቁጥር ነው። ስደውል ያነሳው ራቪ ነበር። ልቡ ነው አለኝና ሌላ ቃል አልወጣውም። ሆስፒታል ስደርስ ጫማህን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ሰጡኝ። አንድ ካልሲህ የተቀደደ ነበር። በተቀደደ ካልሲ ሰው ይሞታል? ያን ቀን የተናደድኩት በሱ ነው፣ ሌላው ገና አልገባኝም ነበር።

ቤቱ በሰው ተሞላ። ወንድምህን ጋሽ መኮንንን ታውቃቸዋለህ፤ ሐዘናቸው በሥራ ነው የሚወጣው። ሄይዋርድ ከተማ የመቃብር ቦታ ገዙ፣ ቄሱን ለቅዳሜ ያዙ፣ ወንበር ተከራዩ፣ ለሀገር ቤት ደወሉ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ያቺን እሺ አሰላስላለሁ። ከተናገርኩ እናትህን እገድላቸዋለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ ቅዳሜ አፈር ይጫንሃል፣ አፈር ደግሞ ተመልሶ አይነሳም። አስበው እስቲ፣ ለኔ የተውክልኝ ይህን ነው።

በነጋታው አልቻልኩም፣ ጋሽ መኮንንን ኮሪደር ላይ ጠርቼ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ ብለው አዘኑልኝ። ከዚያ እውነቴን መሆኑን ሲያዩ ፊታቸው ሌላ ሆነ። ወንድሜን እንደ ቆሻሻ ልታቃጥሉት ነው? እናቴን ልትገድያት ነው? አሉ፣ ድምፃቸውን አፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። ይህን ወሬ እማዬ ጆሮ ብታደርሺ ከዛሬ ጀምሮ አልተዋወቅንም አሉኝ። እኔም እኔ አልፈለግኩትም፣ እሱ ነው፣ ወንድምህ ነው አልኳቸው፣ አንቱታውን ሁሉ ረስቼ። ሳሎን ያለው ሰው ቃሉን ባይለይም ለቅሶውን አቁሞ እኛን ያዳምጥ ነበር።

በዚህ ላይ ነው ስዋሚህ የመጡት። አስበው፣ ሳሎኑ በጥቁር ነጠላ ጥቅጥቅ ብሏል፣ በሩ ተከፈተና እሳቸው ብጫ ለብሰው፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዶ፣ ራቪን አስከትለው ገቡ። ሰው ሁሉ ደረቀ። ጋሽ መኮንን ሊያስወጧቸው ብድግ ሲሉ እናትህ ቀደሟቸው። ብጫውን አይተው ባህታዊ መሰሏቸው! ከፍራሻቸው ተነሥተው፣ እየተንገዳገዱ ሄደው ጉልበታቸውን ሳሙ። አባቴ፣ ከየት ገዳም መጡ፣ ልጄን ያውቁታል? እያሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽማግሌው አማርኛ አያውቁ፣ ምን እንደተባሉ አልገባቸውም። እናትህን በሁለት እጃቸው ደግፈው አቆሙና ራሳቸው ጎንበስ ብለው የእናትህን እግር ነክተው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ራቪ በእንግሊዝኛ ለኔ አስረዳ፤ እኛ ዘንድ የመነነ ሰው ለማንም አይሰግድም፣ ለእናት ግን ይሰግዳል አለ። የእኛ ባህታዊ የሴት እግር ነክቶ ያውቃል? እናትህ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ኋላ ሸሹ። ብጫውን አዩ፣ በሽማግሌው አንገት ላይ ያለውን መቁጠሪያ አዩ። ያንተው ዓይነት ነበር፣ መስቀል የለውም። ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

ክንዴን ይዘው መኝታ ቤት አስገቡኝና በሩን ዘጉት። ተናገሪ አሉ። ተናገርኩ። ከወገብህ ጀምሬ እስከ መኪናው ድረስ፣ አንድ ነገር አላስቀረሁም። እናትህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጭናቸውን መቱ። ልጄ ጾመኛ ነው፣ መናኝ ነው ብዬ ለስንቱ አወራሁ፣ አንቺ እያወቅሽ ስትስቂብኝ ኖረሻል ለካ አሉኝ። አልሳቅኩም ብዬ ብምል አልሰሙኝም። ውጪ አሉኝ። ማታ ምግብ ስሰጣቸው ፊታቸውን አዞሩ። በሩ ሥር ተቀምጬ ትንፋሻቸውን አዳምጥ ነበር፤ እሳቸውም እንዳይሞቱብኝ ፈርቼ።

ሲነጋጋ ጠሩኝ። መቁጠሪያህን ከመሳቢያ አውጥተው ይዘውታል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ በአፉ ነው የነገረሽ? በገዛ አፉ? አሉ። አዎ አልኩ። ከዚያ፣ ሲሳይ ከልጅነቱ ጀምሮ እንካ ሲሉት እንጂ ስጪኝ ብሎኝ አያውቅም አሉ። ወንድሙ ያለቅሳል፣ ይለምናል፣ እሱ ዝም ነው። አንድ ነገር ቢለምን እምቢ ልበለው? አሉ። እያለቀሱ አልነበረም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ቄሱና ጋሽ መኮንን ተጠሩ። እናትህ በግልጽ ጠየቋቸው፤ ልጄ ለእሳት ቢሰጥ ፍትሐት ያደርሱለታል ወይ አሉ። ቄሱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሰሙት። እማማ፣ ሥርዓታችን አይፈቅድልኝም አሉ። አፈር ከለበሰ ዛሬውኑ አደርሳለሁ፣ ለእሳት ከሆነ ግን እጄ የታሰረ ነው አሉ። ጋሽ መኮንን ይኸው ሰማሽ አሉኝ። ከዚህ በላይ እናትህን መጠየቅ አልችልም ነበር። ያለ ፍትሐት ልጅን መሸኘት ለሳቸው ምን ማለት እንደሆነ አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።

እናትህ የቄሱን መስቀል ተሳለሙ። ከዚያ ወደ ጋሽ መኮንን ዞረው፣ የገዛኸውን ቦታ ለኔ አስቀምጠው አሉ። እሱን እኔ ወልጄዋለሁ፣ እኔ እፈታዋለሁ አሉ። ጋሽ መኮንን ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ከኋላቸው የወጣው ሰው ብዙ ነው፤ ፍራሹ ላይ የቀረነው ጥቂት ነበርን።

ለእሳት የተሰጠህበትን ቀን ልንገርህ። የናንተ ሰዎች በቀስታ ያዜማሉ፣ እኛ በዚህ በኩል ቆመናል። ሳጥንህ የምድጃው በር አፍ ላይ ነው። ስዋሚህ እሳቱን የሚያስነሳው ልጅ ነው፣ ልጅ ከሌለ የቅርብ ሥጋ ነው አሉ። ልጅ የለንም። ወንድምህ አልመጡም። ስለዚህ እኔ እጄን ምድጃውን ወደሚለኩሰው ቁልፍ ዘረጋሁ። እናትህ ያን ሁሉ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር፤ እሳቱን አላይም ብለው ነበር የመጡት። ዞሩና እጄን ገፋ አደረጉት።

ስዋሚህ በየትኛው ስሙ ልጸልይለት ብለው ጠየቁ። እናትህ እስክተረጉምላቸው አልጠበቁም። ገብረ ሥላሴ አሉ፣ የክርስትና ስምህን፣ ጮክ ብለው፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳሉ። ገብረ ሥላሴ፣ እኔ እናትህ ፈትቼሃለሁ፣ እሱም ይፍታህ። አማተቡና ቁልፉን ተጫኑት። ከዚያ እኔና ራቪ ነን ደግፈን ያወጣናቸው። ሲሳይ፣ ላንተ ያልኩት እሺ ከበደኝ እያልኩ ነበር የማማርረው። እሳቸውን ምን ያህል እንደከበዳቸው ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ዓመዱን ራቪና ጓደኞቹ ጀልባ ይዘው ከባሕረ ሰላጤው ድልድይ ውጭ ወስደው ለውሃው ሰጡት። እኔ አብሬ ሄጄ አስመለሰኝ፤ አንተ ብትኖር ትስቅ ነበር።

ዓመቱ ቀላል አልነበረም። ሰላም የማይሉን አሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሲያዩኝ ወደ ሌላ መደርደሪያ የሚዞሩ አሉ። እናትህ ግን አንድ እሁድ አልቀሩም። ከኋላ ቆመው ያስቀድሳሉ፣ ቄሱም ሲያልፉ መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው ያሳልሟቸዋል። የጎዳቸው ሌላ ነው። የት ሄጄ ላልቅስ አሉኝ አንድ ቀን። መቃብር የለ፣ ድንጋይ የለ። እሱን አላሰብክበትም ነበር፣ አይደል? እኔም አላሰብኩበትም። ስለዚህ ዕረፍት በሆንኩ ቁጥር ባሕሩ ዳር እወስዳቸዋለሁ፤ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ለውሃው ያወሩታል። ያንተን መቁጠሪያ ይዘው እግዚኦ ይላሉ። ከራሳቸው መቁጠሪያ ይረዝማል፤ ልጄ ይህን ሁሉ ይቆጥር ነበር እያሉ ይገረማሉ።

ባለፈው እሁድ ሙት ዓመትህን እዚያው አወጣን። እናትህ ራሳቸው ምስር ሠሩ። ሽንኩርት ልላጥልዎት ብላቸው ተቆጡኝ፤ ለማን ነው የምንሠራው? አሉኝ። ባሕሩ ዳር ምሳችንን ስንዘረጋ ፓርኪንጉ ላይ የጋሽ መኮንን መኪና ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም። እናትህ መኪናውን አዩ፣ እሳቸውን ግን አልጠሯቸውም። ሁለታችንም ይሄዱ ይሆናል ብለን ነበር። ብዙ ቆይቶ ሞተሩ ጠፋ። ጋሽ መኮንን በቤተ ክርስቲያን ጫማቸው አሸዋውን እያቋረጡ መጡና እናትህ አጠገብ ተቀመጡ። እኔን ሰላም አላሉኝም። እናትህ አጎረሷቸው። ጋሽ መኮንን እያኘኩ ውሃውን ያያሉ። ሽንኩርቱ የታለ አላሉም፤ ጨረሱና ሳህናቸውን ወደኔ ዘረጉት፤ ጨምሪልኝ ማለታቸው ነው። ጨመርኩላቸው።

እንግዲህ የመጀመሪያዋ እሺ ይህን ሁሉ አስከትላ ተፈጸመች። ሁለተኛውን አልመለስኩልህም ነበር፣ ሬዲዮ ከፍቼብህ። ነገ ዕረፍት ነኝ። እናትህ ሳይነሱ ተነሥቼ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። ነገ ብቻ አይደለም፤ ያንተ ቀን በየዓመቱ በመጣ ቁጥር፣ እግሬ እስከታጠፈልኝ ድረስ እቀመጣለሁ፣ በቀኑም ሽንኩርት ቤቴ አይገባም። ይኸው፣ ማንም ሳያስጨንቀኝ፣ መኪናም ሳልሳፈር ነው የምልህ፤ እሺ።

ዝም ማለቱን ግን ቃል አልገባልህም። ገና ብዙ የምነግርህ አለኝ።

ሚስትህ ሰብለ